የማክሰኞ ዳቦ በሰኞ መዝገብ፦ ዳታቤዝና ሰርቨር በሰዓት ያልተስማሙበት አንድ ጉዳይ

ዳራ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳር፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ አንድ መካከለኛ የዳቦ ፋብሪካ አለ። ሥራው የሌሊት ነው። ሊጡ በምሽት ይቦካል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መኪኖች ይጫናሉ። ቀድመው የሚጫኑት ሩቅ የሚሄዱት ናቸው፦ የሽሮ ሜዳ፣ የጉለሌ፣ የአየር ጤና። ለአቃቂና ለቃሊቲ ሱቆች የሚያደርሱት እስከ 11 ሰዓት ድረስ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

እያንዳንዱ ጭነት በሁለት ቦታ ይመዘገባል። የጭነት መዝጋቢዋ በኮምፒውተር አስገብታ ለአከፋፋዩ ደረሰኝ ታትማለች። የበር ጥበቃው ደግሞ መኪናው ሲወጣ ታርጋውንና ሰዓቱን በደብተር ይጽፋሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሒሳብ ሠራተኛው «የዛሬ ጭነት» የሚለውን ሪፖርት አትሞ ከደብተሩ ጋር ያመሳክራል። አንድ ሕግም አለ፦ አከፋፋዩ ዳቦውን ከወሰደ በኋላ በ12 ሰዓት ውስጥ ካልከፈለ ሥርዓቱ ቀጣዩን ጭነት ያግድበታል።

ፕሮግራሙና መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ (ማይኤስኪውኤል የሚባለው ነው) ለዓመታት በአንድ ኮምፒውተር ላይ አብረው ኖረዋል። መብራት እየተቆራረጠ መረጃ ሲበላሽ ግን ባለቤቶቹ ዳታቤዙን ወደ ውጭ አገር ኪራይ ሰርቨር አዛወሩት። እዚያ በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ፣ ማለትም በሰርቨሩ ላይ ተከልሎ ራሱን ችሎ በሚሠራ የሶፍትዌር ክፍል ውስጥ፣ ተጫነ። ፕሮግራሙ በጭነት ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ቀረ። ዝውውሩ በሥርዓት ተሠርቷል፤ አንድም ረድፍ አልጠፋም። የሰዓት ቀጠናን ጉዳይ ግን ያነሳው አልነበረም፤ በአንድ ማሽን ላይ ሳሉ ለማንሳት ምክንያት አልነበረምና። ኮንቴይነር ሌላ ካልታዘዘ በዩቲሲ፣ ማለትም የአገሮች ሰዓት ሁሉ በሚለካበት የዓለም መነሻ ሰዓት፣ ይሠራል። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ይቀድማል።

ችግሩ

ከዝውውሩ በኋላ የጠዋቱ ሪፖርት ከደብተሩ ያነሰ ጭነት ማሳየት ጀመረ። የሚጎድሉት መኪኖች ደግሞ ሁልጊዜ እነዚያው ነበሩ፦ የሽሮ ሜዳው፣ የጉለሌው፣ የአየር ጤናው። ጉድለት ሲደጋገም፣ በዚያ ላይ በተመሳሳይ ደንበኞች ላይ ሲደጋገም፣ ሰው ስለ ኮምፒውተር አያስብም። መዝጋቢዋ ከእነዚያ አከፋፋዮች ጋር ተስማምታ ጭነት ሳትመዘግብ ታሳልፋለች የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተጻፈባት። ይህን ጉዳይ በዝርዝር ለመመዝገብ ያነሣሣኝ ከሁሉ በላይ ይህ ደብዳቤ ነው። በሥራዋ ምንም ያልጎደለባት ሠራተኛ እንጀራዋን ልታጣ የቀረበችው ሁለት ማሽኖች «ዛሬ» ስለሚባለው ቀን ስላልተስማሙ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የወጣ መኪና በእኛ አገር ከእኩለ ሌሊት 2 ሰዓት አልፎታል፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው። በዩቲሲ ግን ገና ሰኞ ነው፤ ለእኩለ ሌሊት 1 ሰዓት ይቀራል። ዳታቤዙ ጭነቱን በሰኞ መዘገበው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ የወጡት ብቻ ማክሰኞ ውስጥ ገቡ። ስለዚህ ጠዋት «የዛሬ» ተብሎ የሚታተመው ሪፖርት ቀድመው የሚጫኑትን፣ ማለትም ሩቅ ሂያጆቹን፣ ሁልጊዜ ይጥላል።

ነገሩን ሊገልጥ የሚችል ፍንጭ በወሩ መጨረሻ በሒሳብ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ነበር። የወሩ ድምር ከደብተሩ ድምር ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ወጣ። ዳቦ ተሰርቆ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ በየቀኑ እየተደመረ ይሄድ ነበር። በየጠዋቱ የሚታይ፣ በወር ሲደመር ግን የሚጠፋ ጉድለት ቦታውን የሳተ መዝገብ ምልክት ነው። የዚያን ጊዜ ግን ሁሉም ያስብ የነበረው ስለ ሌባ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች

መጀመሪያ የተሰጠው ማብራሪያ «የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ነው» የሚል ነበር። ማስተዋል የተሞላበት ይመስላል፤ ስክሪኑ ሰዓቱን በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ያሳይ ነበርና ሠራተኞቹም በልባቸው እየለወጡ ማንበብ ለምደዋል። ነገር ግን በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው። ጥበቃው 10 ሰዓት ብለው የጻፉት መኪና በስክሪኑ 4:00 መሆን ሲገባው 1:00 ይል ነበር። ልዩነቱ በጣት ቢቆጠር ኖሮ ማብራሪያው ወዲያው ይወድቅ ነበር።

ቀጥሎ ፕሮግራሙን በትርፍ ጊዜው የሚያግዝ ባለሙያ የኪራይ ሰርቨሩ የሚሠራበትን የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ሰዓት ቀጠና ወደ አዲስ አበባ ለወጠው። ምንም አልተቀየረም። ኮንቴይነሩ የራሱን ቀጠና ይዞ ይሠራልና ከሥሩ ያለው ማሽን ቢለወጥ ዳታቤዙ አይሰማም። የሰርቨሩ ሰዓት ከኢንተርኔት ጋር በትክክል መገጣጠሙም ተፈተሸ፤ ሰከንድ እንኳ አልሳተም። ይህም ፍተሻ ትንሽ አዘናግቷል፤ ቅጽበቱን በትክክል የሚያውቅ ሰዓት በየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሚናገር ሌላ ጥያቄ ነውና።

ሦስተኛው ሙከራ የዚህ ጉዳይ እምብርት ነው። ባለሙያው በኮንቴይነሩ ውቅር ውስጥ ቀጠናውን ለሚወስነው፣ ቲዜድ ለሚባለው ተለዋዋጭ «ዩቲሲ+3» የሚል ዋጋ ሰጥቶ ዳታቤዙን እንደገና አስነሣው። ማንም ሰው ይህን ሲያነብ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት የሚቀድም አድርጎ ይረዳዋል። ሊኑክስ የሚከተለው፣ ፖዚክስ የሚባለው የሥርዓተ ክወናዎች ደንብ ግን ምልክቱን በተቃራኒው ነው የሚያነበው፤ በዚያ ደንብ መደመር ማለት ከግሪንዊች ወደ ምዕራብ ማለት ነው። ዳታቤዙ 3 ሰዓት መቅደሙ ቀርቶ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀረ። ከእኛ ሰዓት ያለው ርቀት ከ3 ወደ 6 አደገ።

እዚህ ላይ የሆነው ነገር ከኢትዮጵያ ውጭ ብዙም የሚሆን አይደለም። በ6 ሰዓት ወደኋላ የቀረ ሰዓት ከእኛ የሰዓት አቆጣጠር ጋር ልክ ይገጥማል። ጥበቃው 10 ሰዓት የጻፉት መኪና አሁን በስክሪኑም 10:00 ሆነ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተመዘገበው 2:00 ይላል። ስህተቱ በሁሉም ሰው የእጅ ሰዓት ተረጋገጠ ማለት ነው! ቀኑም ቢሆን ከዚያ ወዲህ የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስለሆነ የሌሊቱ ጭነት ሳይቆራረጥ በአንድ ቀን ስር፣ ሥራው በጀመረበት ምሽት ቀን ስር፣ ተሰበሰበ። የሒሳብ ሠራተኛው «የዛሬ» በሚለው ፋንታ «የትናንት» የሚለውን ሪፖርት ማተም ጀመረና ከደብተሩ ጋር ተስማማለት። ሠራተኞቹ ሥርዓቱ በእኛ ሰዓት መናገር ጀመረ ብለው ተደሰቱ። ጉዳዩም ተዘጋ ተባለ።

ስህተቱ የተገለጠበት

ብዙ ሳይቆይ በወቅቱ የከፈሉ አከፋፋዮች ሌሊት በር ላይ መታገድ ጀመሩ። ለምሳሌ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጭኖ ጠዋት 4 ሰዓት በባንክ የከፈለ ሰው 8 ሰዓት ብቻ ነው የቆየው። ይሁን እንጂ የጭነቱን ሰዓት የጻፈው ዳታቤዙ ነው፤ የክፍያውን ሰዓት የሚጽፈው በፋብሪካው ያለው ፕሮግራም ነው፣ በኢትዮጵያ ሰዓት። በሁለቱ መካከል 6 ሰዓት የሌለ ጊዜ ስለገባ ስሌቱ 14 ሰዓት አወጣ፤ ሥርዓቱም አገደው። ልዩነቱ ገና 3 ሰዓት በነበረበት ጊዜም ዘግየት ብለው ከሚከፍሉት መካከል ተመሳሳይ ቅሬታ ያሰሙ ነበሩ። ያን ጊዜ ሰሚ አላገኙም፤ ዘግይቶ የሚከፍል ሰው ቅሬታ ከመነሻው ክብደት አይሰጠውምና።

አንድ አከፋፋይ ከባንክ የደረሰውን የክፍያ መልእክት ከጭነት ደረሰኙ ጋር አድርጎ ይዞ መጣ። ጉዳዩን እንድመለከተው የተጠራሁት በዚህ ጊዜ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

አንደኛው ሥራ በአንድ ቅጽበት ሁሉንም ሰዓቶች ማየት ነበር፦ ስልክ፣ የጭነት ክፍሉ ኮምፒውተር፣ የኪራይ ሰርቨሩ፣ ኮንቴይነሩ፣ በመጨረሻም ከፕሮግራሙ ግንኙነት የተጠየቀ ዳታቤዝ። ለዳታቤዙ የቀረበው ጥያቄ ሁለት ነገር ጎን ለጎን የሚያወጣ ነው፤ የአሁኑን ሰዓት እንደ ግንኙነቱ ቀጠናና የአሁኑን ሰዓት በዩቲሲ። በእኛ አገር የመጀመሪያው ከሁለተኛው 3 ሰዓት መብለጥ አለበት። በ3 ሰዓት አንሶ ተገኘ። የዳታቤዙን ቀጠና በስም ብንጠይቅ ኖሮ እንሳሳት ነበር፤ በዚያ የፖዚክስ አጻጻፍ ስሙ «ዩቲሲ» ብቻ ሆኖ ይቀርና ምንም የተዛባ ነገር አያሳይም። ስሙን ትቶ ልዩነቱን በቁጥር መለካት ያዋጣል።

ሁለተኛው ሥራ ሰዓት የሚይዙትን ዓምዶች መለየት ነበር። በማይኤስኪውኤል ታይምስታምፕ የሚባለው ዓይነት ሲቀመጥ ወደ ዩቲሲ ይለወጣል፣ ሲነበብም ወደ ግንኙነቱ ቀጠና ይመለሳል። ዴትታይም የሚባለው ግን የተሰጠውን ቁጥር እንዳለ ይይዛል፤ ከየት አገር እንደመጣ አያውቅም። የፋብሪካው ሠንጠረዦች ሁለቱንም ቀላቅለው ይዘዋል። የተጠቃሚዎች መግቢያ ታይምስታምፕ ነበር። የጭነት ሰዓት ዴትታይም ሆኖ ዋጋውን ዳታቤዙ ራሱ ይሞላዋል። የክፍያና የደረሰኝ ሰዓት ደግሞ ዴትታይም ሆኖ ፕሮግራሙ ይሞላዋል።

ይህ መለየት የእርማቱ ሁሉ መሠረት ነው። ከዚያ በፊት «በሁሉም ላይ እንደምርና እንገላገል» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ቢደረግ ኖሮ ፈጽሞ ያልተሳሳቱትን የታይምስታምፕና የክፍያ ዓምዶች ያበላሽ ነበር፤ የመግቢያ መዝገቡ በስክሪን ላይ ተዛብቶ ቢታይም ውስጡ ትክክል ነው፣ የግንኙነቱ ቀጠና ሲስተካከል ራሱ ይስተካከላል። መታረም የሚያስፈልገው አንድ ዓምድ ነበር፤ የጭነት ሰዓት።

ሦስተኛው፣ ድንበሮቹን ማግኘት። የትኛው ረድፍ በ3፣ የትኛው በ6 ሰዓት ተዛብቷል? ዝውውሩ የተደረገበትን ቀን በትክክል የሚያስታውስ አልነበረም። ነገር ግን በእያንዳንዱ የጭነት ረድፍ ላይ ደረሰኙ የታተመበት ሰዓት አለ፤ እሱም ከጭነቱ ሰዓት ጋር በሰከንዶች ልዩነት የሚጻፍ ነው። የሁለቱን ልዩነት በመለያ ቁጥር ቅደም ተከተል ስናወጣው ሦስት ደረጃዎች ወለል ብለው ታዩ፦ ዜሮ፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 6። ድንበሮቹም በአንድ ረድፍ ትክክለኛነት ተገኙ።

ከሦስቱ ውጭ የሆኑ ጥቂት ረድፎችም ነበሩ። በእነዚያ ሌሊቶች መብራት ጠፍቶ የጭነት ክፍሉ ኮምፒውተር ሲነሣ የሰዓቱ ባትሪ ስለደከመ ያረጀ ሰዓት ይዞ ተነሥቷል። እዚህ ላይ ሁለቱም ማሽኖች ምስክር ሊሆኑ አይችሉም። የቀረን የጥበቃው ደብተር ነው። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ደብተሩ ይታመን እንደሆነ ሲጠየቁ «ልጄ፣ እኔ የምጽፈው መኪናው በሩን ሲያልፍ እያየሁ ነው፤ ማሽናችሁን እናንተ ጠይቁት» አሉ። እነዚያን ረድፎች በደብተሩ አረምናቸው። ከዚያም ከሦስቱም ዘመናት ሌሊቶችን እየመረጥን የታረመውን ሁሉ ከደብተሩ ጋር አመሳከርን፤ ተስማማ።

እርማቱ የተሠራው ፕሮግራሙ ቆሞ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ ተወስዶ፣ መጀመሪያ በቅጂው ላይ ተሞክሮ ነው። የቀድሞው ዋጋ አልተደመሰሰም፤ በአጠገቡ በተከፈተ ዓምድ ተቀመጠ። የገንዘብ ክርክር ያለበት መዝገብ ሲታረም ከእርማቱ በፊት የነበረው መታየት አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

አራተኛው፣ ቀጠናውን ማስተካከል። የቲዜድ ዋጋ ተነሣ፤ ኮንቴይነሩ ወደ ዩቲሲ ተመለሰ። ፕሮግራሙ ግንኙነት በከፈተ ቁጥር የራሱን ቀጠና «+03:00» ብሎ በግልጽ እንዲያሳውቅ ተደረገ። የዳታቤዙ ነባሪ ቀጠናም (ሌላ ካልታዘዘ የሚሠራበት) በዚያው ተስተካከለ፤ ምክንያቱም በኪራይ ሰርቨሩ ላይ በራሱ ሰዓት የሚነሣ የቀን መዝጊያ ሥራ ተገኝቷል። እኩለ ሌሊት ላይ እንዲሠራ የታዘዘው ይህ ሥራ ከዝውውሩ በኋላ በሰርቨሩ ዩቲሲ እየተነሣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ጭነቱ መሐል፣ ቀኑን ይዘጋ ነበር። የሊኑክሱ ቀጠና ከተለወጠ በኋላ ደግሞ በሌላ ሰዓት መነሣት ጀመረ፤ አንድ ቦታ ላይ የተደረገ ሙከራ ሌላ ቦታ ላይ ያልታሰበ ለውጥ ያመጣል።

በአካባቢ ስም ፋንታ «+03:00» የተመረጠው ኢትዮጵያ በዓመቱ ውስጥ ሰዓት የማትለዋውጥ ስለሆነች ነው። የስም አጻጻፍ የሚሠራው የቀጠና ሠንጠረዦች በዳታቤዙ ውስጥ ከተጫኑ ብቻ ነው። በበጋና በክረምት ሰዓት ከሚለዋውጥ አገር ጋር የሚሠራ ድርጅት ግን በቁጥር ሊተማመን አይገባም። ዓምዶቹን በሙሉ ወደ ታይምስታምፕ መለወጥም ታስቦ ቀረ፤ ያ ዓይነት ከጥር 2038 እንደ ፈረንጆቹ ወዲያ ያለ ቀን አይዝም፣ የውልና የብድር ቀኖች ደግሞ ሩቅ ይሄዳሉ።

ያልሠራው

ቀጠናው በተስተካከለ ማግስት ሪፖርቶች አንዴ ትክክል አንዴ ስህተት እያሉ ግራ አጋቡ። ምክንያቱ የዳታቤዙ ነባሪ ሲለወጥ አዲሱን የሚያገኙት አዲስ ግንኙነቶች ብቻ መሆናቸው ነው። የሪፖርት ክፍሉ ግንኙነቶችን ከፍቶ የሚያቆይ ስለሆነ አሮጌዎቹ በአሮጌው ቀጠና ቀጠሉ። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ሲነሣ ጠራ።

የሠራተኞቹ ቅሬታም ነበር። ስክሪኑ ወደ ዓለም አቀፍ አቆጣጠር ሲመለስ አዘኑ፤ ትክክል ናቸው፣ ሰው በሚኖርበት ሰዓት ማንበብ ይገባዋል። ስለዚህ በስክሪንና በደረሰኝ ላይ ብቻ፣ በመጨረሻው እርከን፣ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለውጥ ክፍል ተጨመረ። የተቀመጠው ዋጋ አይነካም።

ለሌላ ሥራ የሚጠቅመው

ከሁሉ አስቀድሞ የልዩነቱን መጠን መለካት ያስፈልጋል። በእኛ አገር መጠኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። ልክ 3 ሰዓት ከሆነ አንዱ ወገን በዩቲሲ ነው። ልክ 6 ከሆነ ወይ የአቆጣጠር ልዩነት ነው ወይም የተገለበጠ ምልክት፤ ሁለቱን ከስክሪን መለየት አይቻልም፣ ከዩቲሲ ጋር ብቻ ነው የሚለዩት። ልዩነቱ አንድ ቀን ሆኖ ከእኩለ ሌሊት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ የሚታይ ከሆነ የቀን ድንበር ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ማግስት የሚጀምር የአንድ ቀን ስህተት ከሆነ ግን ቀጠናውን ትቶ የቀን መለወጫ ስሌቱን ማየት ይሻላል። ልዩነቱ ሌሊት ከሌሊት የሚዋዥቅ ከሆነ ባትሪውን መፈተሽ ነው።

ሌላው፣ በሰው ላይ ከመፍረድ በፊት ጉድለቱ በረጅም ጊዜ ሲደመር ይጠፋ እንደሆነ ማየት። ይህ የሒሳብ ሠራተኛ በማንኛውም የድምር ሠንጠረዥ ሊያደርገው የሚችል ነው፤ ባለሙያ አይጠይቅም። ዳታቤዝ ከፕሮግራሙ ተለይቶ ሲዛወርም በዕለቱ አንድ የሙከራ ረድፍ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አስገብቶ ቀኑን ማንበብ ብዙ መከራ ያስቀራል። ቀን ቀን የሚደረግ ሙከራ ይህን ስህተት አያሳይም።

ገና ያልተቋጨው

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ከመዝጋቢዋ ማኅደር ወጥቷል፤ ሥራ አስኪያጁም በሠራተኞቹ ፊት ይቅርታ ጠይቀዋታል። የታገዱት አከፋፋዮች ሒሳብ ተስተካክሏል። በእጃቸው ያሉት አሮጌ ደረሰኞች ግን የተሳሳተውን የጭነት ሰዓት እንደያዙ ናቸው፤ ክርክር ሲነሣ ሁለቱንም ዋጋ ጎን ለጎን የሚያሳይ ገጽ ተዘጋጅቷል።

«የሥራ ቀን» የሚባለው ከሰዓት ተቀንሶ እንዳይሰላ፣ ራሱን ችሎ እንዲመዘገብ ተወስኗል። በአዘቦት ቀን አያከራክርም፤ ጭነቱ ሁሉ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በበዓል ዋዜማ ግን ገበያው ስለሚበዛ መኪኖች ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ይጫናሉ። ያ ዳቦ የዋዜማው ነው ወይስ የበዓሉ? የሒሳብ ክፍሉ የዋዜማው ይላል፣ የጭነት ክፍሉ የበዓሉ ይላል። እስኪስማሙ ድረስ ሥርዓቱ ራሱ አይወስንም፤ መዝጋቢዋን ይጠይቃታል፣ የመረጠችውንም ከስሟ ጋር ይይዛል።